በግዝት በዓል የቆመ ሥራ፣ ኪሳራው የማን ነው?

ወለተ ጊዮርጊስ (ውይይቱን የከፈተች)
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ጾምና ስለ በዓል ስትወያዩ ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ዛሬ እኔም አንድ የሥራ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ አሠርተን እንሸጣለን። ሱቁ የእናቴ ነው፣ ትዕዛዝ መቀበሉንና ሒሳቡን እኔ ይዣለሁ። ከጀርባ ሸማኔዎች አሉን፤ አብዛኞቹ የዶርዜ ልጆች ናቸው፣ ሥራውን ከአባታቸው እግር ሥር ተቀምጠው የተማሩት።

የእኛ ሥራ የሚበዛው መጋቢት ላይ ነው። ለፋሲካ የሚለበሰው ሁሉ በዚያ ወር ተሠርቶ ማለቅ አለበት። በዓሉም የሚደራረበው በዚያው ወር ነው። 5 አቦ፣ 10 መስቀል፣ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 ደግሞ በዓለ ወልድም ትስብእትም። ሰንበቱን ጨምሩበት። በዕድሜ የሚበልጡት ሸማኔያችን ከእነዚህ ቀኖች በአንዱም ድር አይነኩም። ወጣቶቹ 12፣ 21 እና 29ን ብቻ ይይዛሉ። ፕሮቴስታንት የሆኑት ከእሑድ ሌላ አይቆጥሩም።

ደንበኞች ከውጭ ይደውሉና «ዘመኑ ሠልጥኗል፣ አሳምኛቸው» ይሉኛል። በማሽን የታተመው ጥለት መርካቶን ሞልቶታል፣ ዋጋውም ከእኛ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ ነኝ፤ በዓል አስሽሬ የማገኘው ገንዘብ አያጓጓኝም። የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ሸማኔ የሚከፈለው በሠራው ልክ ነው። በዓል ሲያከብር እኔ ትርፌ ይዘገያል፣ የእሱ ልጆች ግን የዚያን ቀን እንጀራ ያጣሉ። በዓሉን የማክበር ዕዳ የሠራተኛው ብቻ ነው ወይስ የአሠሪውም?

ገብረ ሚካኤል
እኅቴ፣ በዓል ተሽሮ የመጣ ገንዘብ በረከት የለውም። በእኛ አገር፣ ጎጃም፣ በሚካኤል ቀን ሞፈር የሰደደ ሰው በረዶ ያስመጣል ተብሎ ቀበሌው በሙሉ ይቆጣዋል፤ ይቀጡታልም። በአንድ ሰው ድፍረት የሁሉም ሰብል ይጠፋል ይባላል። ሽማግሌውን አትንኳቸው።

የእርሻ ባለሙያ
ከገበሬ ጋር ነው የምውለው፣ ስለዚህ ግልጽ ልናገር። ጤፍ የሚዘራበት ጊዜ ጠባብ ነው፤ መሬቱ ሲረጥብ ካልተዘራ ያመልጣል። አንዳንድ አጥቢያ ላይ 1 ልደታ፣ 3 በዓታ፣ 5 አቦ፣ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 24 ተክለ ሃይማኖት፣ 27፣ 28፣ 29 እያሉ ሲቆጥሩት ከወሩ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ዝናቡ ግን 21ን አይጠብቅም። ክርስቲያን ነኝ፤ በቅዱሳን አማላጅነት አምናለሁ። ነገር ግን ባዶ ጎተራ ቅዱሳንን ያከብራል ብዬ ለገበሬ መንገር አልችልም።

ገብረ ሚካኤል
ወንድሜ፣ ገበሬው በዓል ሲያከብር ዝም ብሎ የሚተኛ አስመሰልከው። የተጣላ የሚታረቀው በዓል ቀን ነው። የዕድሩ ጉዳይ የሚታየው፣ ብድር የሚጠየቀው፣ ለቅሶ የሚደረሰው፣ ታማሚ የሚጠየቀው ያን ቀን ነው። ይህን ሁሉ አንሥተህ በምን ትተካዋለህ?

ቀሲስ ዘደብር
ልጆቼ፣ ሁለታችሁም እውነት ይዛችኋል። ይህ ነገር ሳይለይ ስለሚነገር ብዙ ሰው ይጨነቃልና ጥቂት ላብራራ።

በቤተ ክርስቲያናችን ከየወሩ በዓላት ግዝት የሚባሉት፣ ማለትም ሥራ የተከለከለባቸው፣ 12 ሚካኤል፣ 21 እመቤታችን እና 29 በዓለ ወልድ ናቸው። ከእነዚህ ሌላ የጌታችን ዐበይትና ንኡሳን በዓላት፣ የእመቤታችን 33 በዓላት እና ሁለቱ ሰንበታት አሉ። የቀሩት ወርኃዊ መታሰቢያዎች የተሰጡን እንድንዘክርባቸው፣ እንድንቀድስባቸውና እንድንመጸውትባቸው ነው። ታቦቱ የአጥቢያው ከሆነ ሕዝቡ በፍቅር ያከብረዋል፣ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን በ23 ወይም በ24 ያረሰውን ገበሬ እንደ ከሐዲ መቁጠር ከቀኖና የመጣ አይደለም። በረዶውም እንዲሁ። የአንዱን ኃጢአት በጎረቤቱ እርሻ ላይ የሚያወርድ አምላክ አናስተምርም።

ቀጥሎ የሰንበት ነገር። አባቶቻችን ስለ ቅዳሜ የተከራከሩት ክርክር ቀላል አልነበረም። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜም ይከበር በማለታቸው ከማዕርግ ተከልክለዋል፣ ተሰደዋልም። በመጨረሻ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ፍትሐ ነገሥትም በ19ኛው አንቀጽ ስለ ሰንበትና ስለ በዓላት ይደነግጋል። ይህን ሁሉ የምናውቀው ሥራ ስለ መከልከል ነው፤ ስለ ማን ዕረፍት እንደሆነ ግን እንረሳለን። ዘዳግም 5ን አንብቡ። አንተ እንደምታርፍ ሎሌህና ገረድህም ይረፉ ይላል፤ ምክንያቱንም ሲሰጥ አንተም በግብፅ ባሪያ እንደነበርህ አስብ ይላል። በሐዋርያት ስም በደረሰን ሥርዓትም ባሪያዎች አምስት ቀን ሠርተው በሁለቱ ሰንበታት ለቤተ ክርስቲያን እንዲለቀቁ ታዟል። ትእዛዙ ከሠራተኛው ይልቅ ለአሠሪው የተሰጠ ነው። ስለዚህ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ጥያቄሽ ትክክለኛው ጥያቄ ነው፤ መልሱም አንቺ የፈራሽው ይመስለኛል።

ወለተ ጊዮርጊስ
አባ፣ ቡራኬዎ ይድረሰኝ። አዎ፣ የፈራሁት እሱን ነው። የዕለቱን ሒሳብ እኛ እንክፈል ማለት ነው?

ቀሲስ ዘደብር
ሙሉውን መቻል አለመቻላችሁን ሒሳቡን የያዝሽው አንቺ ታውቂያለሽ። «ለበዓሉ ብዬ ለቀቅኩህ» ብሎ በባዶ እጁ መሸኘት ግን ዕረፍት መስጠት አይደለም። ለነዳያን የምንዘረጋውን እጅ በደጃችን ለሚሠራው ማጠፍ ነውር ነው።

እኅተ ማርያም
እንኳን ይህ ተነሣ። እኔም የሆዴን ልናገር።

አባቴ በ12 በሬ አይጠምድም ነበር። ጋቢውን ደርቦ ቅዳሴ ይሄዳል፣ ከቅዳሴ ሲመለስ ጽዋ ይጠጣል። እናቴ ግን ለዚያ ጽዋ ከሦስት ቀን በፊት ጀምራ ጌሾ ትወቅጣለች፣ ብቅል ታስፈጫለች፣ ጠላ ትጠምቃለች። በበዓሉ ዕለት ሌሊት ተነሥታ ዳቦ ትደፋለች፣ ውኃ ከምንጭ ትቀዳለች፣ ወጥ ትሠራለች። እንዝርት አትይዝም፤ በበዓል መፍተል ነውር ነውና። ውኃ መሸከሙ ግን ሥራ ተብሎ አልተቆጠረላትም። የቤቱ በዓል የቆመው በእሷ ወገብ ላይ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥም ያው ነው፤ እኛ ነጭ ለብሰን ንግሥ ስንወጣ ሠራተኛዋ ሽንኩርት ትከትፋለች። ስንቶቻችን ነን በ21 «ዛሬ ማርያም ናት፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚና እረፊ» ብለን የምንለቃት?

ደግሞ አስቡት። መጋቢት 29 የምናከብረው ትስብእት ነው፤ መልአኩ ሲያበሥራት እመቤታችን ለቤተ መቅደስ መጋረጃ የሚሆነውን ሐርና ወርቅ እያስማማች ትፈትል ነበር ብለው አባቶች አስተምረውናል። ምሥራቹ የደረሳት በሥራዋ ላይ ሳለች ነው። ሥራ ርኩስ ቢሆን ኖሮ መልአኩ ትቶት እስክትነሣ በጠበቃት ነበር።

ዮናታን ከጨንቻ
ሰላም ቅዱሳን። እኔ ወንጌላዊ ነኝ፣ ቤተሰቦቼ ደግሞ ሸማኔዎች ናቸው፤ ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አባቴ ጌታን ከማግኘቱ በፊት በእኛ አገር ሰው የሚከበረው በድግስ ነበር። ሀላቃ የሚባለውን የክብር ማዕርግ ለማግኘት የሚያበላው ድግስ የዓመታት ጥሪት ይጨርሳል። ሸማኔው አዲስ አበባ ወርዶ፣ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ፣ ዓመቱን ሙሉ የለቀመውን ይዞ ይመለስና በጥቂት ቀን ያበላዋል። አባቴ ያንን አቆመ። መጠጡንም አቆመ። በተረፈው ገንዘብ የአፕል ችግኝ ተከለ፤ ጨንቻ በአፕል የምትታወቀው እንዲህ ባሉ ሰዎች ነው። ዘመዶቹ ግን አዘኑበት፤ «ከሰው ተለየ፣ ብቻውን በላ» አሉት። ያ ሐዘን ልክ ነበር እላለሁ፣ ምክንያቱም ድግሱ የድሀውም ምሳ ነበር። እኛ አማኞች ቁጠባውን ተምረናል፣ በድግሱ ፋንታ ድሀውን የሚያበላ ነገር ግን ሁልጊዜ አልተካንም።

አሁን የሚያሳዝነኝ በእኛ በኩል የመጣው ሌላ ነገር ነው። ወጣቱ ሥራ ትቶ ከአንዱ የትንቢት ፕሮግራም ወደ ሌላው ይዞራል። «ዘር ዝራ፣ ቪዛህ ይወጣል» ይሉታል፣ የወር ደመወዙን መድረክ ላይ ያስቀምጣል። ይህ ወንጌል አይደለም። ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ በ1972 እ.ኤ.አ.፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ለውጭ አጋሮቿ ደብዳቤ ላከች። ነፍስን ማዳንና የሰውን ኑሮ ማሻሻል አይነጣጠሉም፣ ሰው ሙሉ ነው፣ አገልግሎቱም ሁለንተናዊ ይሁን የሚል ነበር። እሳቸው በ1979 እ.ኤ.አ. በደርግ ተገደሉ። በዚያ ትምህርት ስንት ክሊኒክና ስንት ትምህርት ቤት ተሠርቷል። ልጆቻችን ከዚያ ወርደው ተአምረኛ ገንዘብ ሲጠብቁ ማየት ያቃጥላል። ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ነበር፤ ሊሠራ የማይወድ አይብላ ያለውም እሱ ነው።

ለእኅታችን፦ እሑድን ብቻ የሚይዙትን ሠራተኞች በ21 ሲሠሩ እንደ ደፋር እንዳያዩአቸው ለሌሎቹ ንገሪልን። በአንድ ክፍል የተለያየ እምነት ይዘው ሲሠሩ የሚያጣላው ሥራው አይደለም፣ አስተያየቱ ነው።

ወለተ ጊዮርጊስ
እውነት ነው ዮናታን። አንድ ጊዜ ለክርክር ደርሰው ነበር። አሁን በግዝት ቀን ለሚሠሩት ከኋላ ያለውን ክፍል ሰጥተናቸዋል፤ በድምፅ ማጉያ መዝሙር መክፈቱም ለሁለቱም ወገን ቀርቷል፣ በጆሮ ማዳመጫ ነው።

ሰው አገር ያለች
ከሪያድ ነው። ልብስ ተኩሼ ስጨርስ ሌሊት ነው ያነበብኳችሁ። እዚህ ቤተ ክርስቲያን የሚባል ነገር የለም። ዕረፍት የለኝም፣ እሑድም ዓርብም ለእኔ አንድ ነው። 21ን የማውቀው ስልኬ ላይ ነው። ያን ቀን ሳህን ሳጥብ በአንድ ጆሮዬ ውዳሴ ማርያም አደርጋለሁ፣ በሌላው የአሠሪዬን ጥሪ እጠብቃለሁ። በዓል እየሻርኩ ነው ብዬ ብዙ አልቅሻለሁ። አባ፣ ኃጢአት ይሆንብኛል?

ቀሲስ ዘደብር
ልጄ፣ አይሆንብሽም። ዕረፍቱን የወሰደብሽ ይጠየቅበታል፣ አንቺ አትጠየቂበትም። ስለ አባ እንጦንስ የተነገረውን ልንገርሽ። በበረሃ ልቡ ታክቶት ሳለ መልአክ በሰው አምሳል ታየው፤ ቁጭ ብሎ ገመድ ይጎነጉናል፣ ተነሥቶ ይጸልያል፣ ተመልሶ ይጎነጉናል። «እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ» አለው። የገዳማቱ ሥርዓት ሁሉ በዚህ ላይ ቆመ። በእኛም ገዳማት ረድእ ሆኖ የገባ ሰው ዓመታት ውኃ ሲቀዳ፣ እንጨት ሲለቅም፣ እህል ሲፈጭ ይኖራል፤ ያ እርድና ከጸሎት ያነሰ ተብሎ አያውቅም። አንቺ ያለ ወንበርና ያለ መቋሚያ ማኅሌት ቆመሻል። እግዚአብሔር በሰላም ለአገርሽ ያብቃሽ።

እኅተ ማርያም
አሜን። እኅቴ፣ በርቺ።

ነርስ በሜሪላንድ
እዚህ እሑድ ጠዋት ሕሙማን ጋር ነኝ፤ ቅዳሴ የምደርሰው ቅዳሜ ነው። የሚካኤልም የገብርኤልም ንግሥ ወደ ቅርቡ ቅዳሜና እሑድ ተገፍቶ ይከበራል፤ ሰው ፈቃድ ስለማያገኝ። መጀመሪያ ስመጣ በዓሉ ከቀኑ መውጣቱ ከንክኖኝ ነበር፣ አሁን ግን እዚህ ያደጉት ልጆቼ ከበሮና ጸናጽል የሚያውቁት በዚያ ምክንያት እንደሆነ አያለሁ።

ለአንተ ደግሞ፣ የእርሻ ባለሙያው፦ ያለ በዓል መሥራት ምን እንደሚመስል እዚህ አይቼዋለሁ። ሁለት ሥራ የያዘ ሰው ሞልቷል። ቤቱን ገዝቶ ልጆቹን የሚያያቸው ሲተኙ ብቻ ነው። ለቅሶ እንኳ ለሰንበት ይቀጠራል። ብዙ መሥራት ብቻውን ሰውን አያሠለጥንም። ጌታ ሰንበት ስለ ሰው ተፈጠረ ሲል ሁለቱንም ወገን ይመስለኛል የገሠጸው፤ ሰውን ለቀን የሚሠዋውንም፣ ቀኑን ለገንዘብ የሚሠዋውንም።

የእርሻ ባለሙያ
ተቀብያለሁ፤ ለገበሬው ግን ሁለት ሥራ አልተመኘሁም፣ አንድ እርሻ በጊዜው እንዲዘራ ነው የተመኘሁት። ቀሲስ ያሉትን ልዩነት የአጥቢያ ካህናት በዐውደ ምሕረት ቢናገሩት እኔ ሌላ ክርክር የለኝም። ገበሬ ከእኔ ከባለሙያው ይልቅ የንስሐ አባቱን ይሰማል። የንስሐ አባቱ «በ24 ዝራ፣ ከምርቱ ለድሀ ስጥ» ቢለው በማግስቱ ይዘራል።

ታሪክ ወዳድ
ማንም ያላነሣውን ላንሣ። በዓል ስለ ማክበር እንዲህ የምንጠነቀቅ ክርስቲያኖች ሸማኔውን ራሱን ስንት ዘመን ሰደብነው? ሸማኔው «ቁጢት በጥባጭ»፣ ቀጥቃጩ «ጠይብ»፣ ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» ነበሩ። ቅዳሴ የሚገባበትን ነጠላ የሠራለትን ሰው ለልጁ ጋብቻ የሚጠየፍ ምእመን ነበረን፤ ዛሬም አልጠፋም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን ስድብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት ነገሩ አገር ስላጠፋ ነው። አዋጁ የቆመበት ምክንያት የሃይማኖት ነው፤ ሁላችንም የአዳምና የሔዋን ልጆች ነን የሚል። ጌታ ራሱ ጸራቢ ተብሎ ተጠርቷል፣ ማርቆስ 6። በዘጸአት 31 እግዚአብሔር በመንፈሱ ሞላሁት ያለው ባስልኤል የወርቅ፣ የእንጨትና የድንጋይ ሠራተኛ ነው። ታቦት ስንሸከም የባስልኤልን ሥራ እናከብራለን፣ ባስልኤልን ግን ጠይብ እንለዋለን። ስለ ሥልጣኔ ስንነጋገር ከዚህ ካልጀመርን ከየት ልንጀምር ነው?

ባለ መወርወሪያ
ሸማኔ ነኝ፣ ከዚያው ከሽሮ ሜዳ። ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ታሪክ ወዳድ ያልከውን እኔ ኖሬዋለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

በዓል ቀን ስለማረፍ ብዙ ተባለ፣ ስለ ሥራው ቀን ትንሽ ልበል። በእኛ ሥራ መስረቅ ቀላል ነው። ድሩ ሲሳሳ ከሩቅ አይታይም። ማጉን ላላ አድርጎ መታ መታ ቢያደርጉት ልብሱ ቶሎ ይደርሳል፣ ከሁለት እጥበት በኋላ ግን ወንፊት ይሆናል። የፋብሪካውን ክር የእጅ ፈትል ነው ብሎ የሚሸጥ አለ። በ21 የማይሠራ፣ በ22 ግን ይህን የሚያደርግ ሰው አውቃለሁ። ነጋዴውም ያውቃል፣ እያወቀ ይገዛዋል፣ ለፋሲካ መድረስ አለበትና። እኔ ለወጣቶቹ የምላቸው ይህ ነው፦ የምትመታውን ማግ ማርያም ታየዋለች።

ሌላው፣ አሁን የመጣው ፋሽን ነው። ቀሚሱ ጫፍ ላይ፣ ከታች፣ መሬት ሊነካ ሲል መስቀል ሥራልኝ ይሉኛል። በስልክ ፎቶ ያሳዩኛል። ከላይ፣ በደረት ወይም በነጠላው ጥለት እሠራለሁ። ከታች የሚረገጥበት ቦታ ግን አልሠራም። ትዕዛዙ ቀርቶብኝ ያውቃል።

ወለተ ጊዮርጊስ
ጋሼ፣ ያንን ፎቶ ለእኛም ይልኩልናል። ከዛሬ ጀምሮ መስቀሉን ወደ ደረትና ወደ ነጠላው አድርገን የራሳችንን ንድፍ እንልክላቸዋለን።

ከእናቴ ጋር ትናንት ማታ ተቀምጠን ሒሳቡን አየነው። በሦስቱ ግዝት ቀናት በዓሉን ለሚያከብሩት፣ በቀደመው ሳምንት ከሠሩት ተሰልቶ ግማሹን ሱቁ ይከፍላል። ሙሉውን አልቻልንም። እሑድን ብቻ ለሚያርፉትም በዓመት ውስጥ ተመጣጣኝ ቀን እንሰጣለን፣ ዮናታን ይህን አስታውሶኛል። ቤታችን የምትሠራዋ ልጅ በ21 ግማሽ ቀን ትለቀቃለች፤ ምሳውን እኔ እሠራለሁ። ለፋሲካ የሚሆን ትዕዛዝ ደግሞ ከየካቲት መጨረሻ በኋላ አንቀበልም ብለን ለጠፍን። ሁለት ደንበኞች ወዲያው ተቆጥተዋል።

ገብረ ሚካኤል
ግማሹም ጥሩ ነው። 27 መድኃኔዓለምንስ?

ወለተ ጊዮርጊስ
እሱን ገና አልጨረስነውም። ሽማግሌው 27ን አይሠሩም፣ እኛም አናስገድዳቸውም፤ ክፍያው ላይ ግን እናቴና እኔ አልተስማማንም። እሷ ይከፈላቸው ትላለች።

ባለ መወርወሪያ
እናትሽን ስሚ። እኔ ደግሞ ሌላ ልጠይቅ፦ የየካቲቱን ገደብ ሌሎቹ ሱቆች ካልያዙት ደንበኛው ወደ እነሱ ይሄዳል፣ እነሱም ሸማኔውን ሌሊት ያሠሩታል። የሱቅ ባለቤቶቹን አንድ ላይ ብትጠሯቸው ምን ይመስልሻል? እኛም ከሸማኔዎቹ በኩል ሰው እንልካለን።

ወለተ ጊዮርጊስ
እሺ ጋሼ። የእናቴን ስልክ በውስጥ መስመር ልኬልዎታለሁ። ከዘወረደ በፊት እንገናኝ።